የይሉኝታ ቁራሽ

ሳንሉካር፣ ጁን 9 ቀን 1981

ለእትዬ ሬሜ፤

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለሽ ጆሮዬን እየቆነጠጥሽ ስላስተማርሽኝ ሰላምታዬን አስቀድሜያለሁ። ቀጥሎ ጤናሽን መጠየቅ ነው፤ ጠይቄያለሁ። ከዚያ እኛም ደህና ነን ይባላል፤ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ያው እንደ ድሮው ነው። ያ ሕመም ከእኔ በፊት ስለተወለደ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ክፉ አልናገረውም።

በደብዳቤሽ ሦስት ጥያቄ ጠይቀሻል። ሁለቱን እመልሳለሁ። ሦስተኛውን እንዳላየሁ ሆኜ እዘለዋለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት የተሰናበትኩት በዚሁ ዘዴ ነው።

አንደኛ፤ አዎ፣ እጮኛሽ ኡርስ ቅዳሜ በአውቶቡስ ደህና ገብቷል። ቁመቱን ግን ለምን ደበቅሽን? ፎቶው ላይ ለምን ተቀምጦ እንደተነሳ አሁን ገባኝ። እማዬ ፊቱን አያለሁ ብላ ስታንጋጥጥ ሻሿ ከራሷ ወደቀ። የእኔ አልጋ ላይ አስተኛነው፤ እግሩ ስለተረፈ ወንበር ቀጠልንለት። በርን ከተማ ትራም እንደሚነዳ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፣ እኛም አልካድንም። የእኛን ጠባብ መንገድ ሲሻገር ቆሞ ግራና ቀኝ አየ። መንገዱ ላይ ከአክስት ቻሮ ድመት በቀር የሚንቀሳቀስ ፍጥረት አልነበረም። ድመቷን አሳለፋት።

ቋንቋችንን አስተምሬዋለሁ ብለሽ ነበር። እውነትሽን ነው፣ አስተምረሽዋል። አነጋገሩ ግን አንቺ ከምትሠሪበት ልብስ ማጠቢያ የሚሰጥ ደረሰኝ ይመስላል፤ «አንድ ደስታ። ሁለት ምስጋና።»

ሁለተኛ፤ አዎ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ኤሎይ ታፓስ ቤት ወሰድነው። አባባ ክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወይን መጋዘኑ ውስጥ የሠሩትን በርሜል እንደሚመረምሩ ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት። አባባ ከላይ ተቀመጡ፣ እማዬ ከጎናቸው። አክስት ቻሮ ሁሉንም ማየት ከምትችልበት ጥግ ያዘች። የአባባ እህት ናት ብዬ ስንት ነገር እንደዋጥኩላት አንቺ ታውቂያለሽ። እኔና ኡርስ ጎን ለጎን ሆንን። ጋሽ ኤሎይ ነጩን ወይን አቀዝቅዞ ቀዳልን። ትንንሾቹ የታፓስ ሳህኖች እንደ ወትሮው አንድ በአንድ መጡ፤ በዘይትና በሆምጣጤ የታሸ ድንች፣ ስሱ የሽሪምፕ ቂጣ፣ የተጠበሰ ጠፍጣፋ ዓሣ፣ መጨረሻ ላይ በጨው የተቀቀለው ትልልቁ ሽሪምፕ። አምስታችንም ከአንድ ሳህን በላን። ኡርስ ሁሉንም በላ። እግዜር ይስጠው፣ ሁሉንም።

ሦስተኛው «አባባ ምን አሉ?» የሚለው ነው። ዘልዬዋለሁ። መልሱን ራሴ እጽፍላታለሁ ብለዋል። ሴፕቴምበር 19 በሠርግሽ ቀን ክንድሽን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይገቡ እንደሆነ ከእሳቸው ትሰሚያለሽ። እኔ ዓሣ ጨረታው ጋ ሣጥን የሚጠብቀኝ ሰው ነኝ፤ ልሂድ።

ታናሽሽ
ሌያንድሮ

ረስቼው፤ ስለ ቸኮሌቱ አመሰግናለሁ። ለእማዬ ስለላክሽውና እኔ ስለበላሁትም አመሰግናለሁ።


በርን፣ ጁን 20 ቀን 1981

ሌያንድሮ፤

ለእማዬ ሌላ ቸኮሌት እልካለሁ። በአክስት ቻሮ ስም ነው የምልከው፤ ከእሷ ነጥቀህ ብላ እስቲ።

የአባባ ደብዳቤ ደረሰኝ። የመጀመሪያው መስመር ስለ ነፋሱ ነው። የቀረውን እንዳለ ልገልብጥልህ።

«ልጄ፣ ሰውየውን አየሁት። ሰው በማዕድ ይታወቃል። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ገበታውን ዞር ብሎ የማያይ ሰው፣ ነገ ቤቱንም ዞር ብሎ አያይም። አድገሻል፣ አልከለክልሽም። ካሻሽ አግቢው። እኔ ግን ክንድሽን ይዤ አልገባም።»

ይኸው ነው። ከታች ስማቸው አለ፤ እንደ ሁልጊዜው ከነአባታቸው ስም፣ ሌላ ሰው የጻፈው እንዳይመስለኝ።

እዚህ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ከልብስ ማጠቢያው ሁለት ምስክር ጠርቼ መፈረም እችላለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አልፈልግም። አምስት ዓመት የሰው አንሶላ ሳጥፍ በሐሳቤ የምሄድባት አንዲት መንገድ ነበረችኝ፤ ከቤታችን በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በአባባ ክንድ። አባባ ካልመጡ ያቺ መንገድ የለችም።

ኡርስን ምን ሆናችሁ ብዬ ጠየቅሁት። «ምግቡ ጥሩ ነበር፣ እናትሽ ደግ ናት» ይለኛል፤ ከዚያ ተነስቶ የተወለወለ ጫማውን ይወለውላል። የማትነግሩኝ ነገር አለ። አንተን ስትቀልድ አውቅሃለሁ፣ ስትደብቅም አውቅሃለሁ፤ ስትደብቅ ቀልድህ ይበዛል። ያለፈው ደብዳቤህ በጣም አስቆኛል። የፈራሁትም ለዚህ ነው።

እውነቱን ጻፍልኝ።

ሬሜ


ሳንሉካር፣ ጁን 29 ቀን 1981

ለእትዬ፤

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። በመጀመሪያው «አባባ ጥርሳቸውን አሟቸው ይሆናል» ብዬ ነበር፤ ቀደድኩት። በሁለተኛው ጥፋቱን በድመቷ ላይ አሳበብኩ፤ ያንንም ቀደድኩት፣ ድመቷ ኤሎይ ቤት አልነበረችም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። አሁን አገልግሉ ባዶ ነው፤ እውነቷ ብቻ ቀርታለች።

የይሉኝታዋን ቁራሽ ታውቂያታለሽ። ሳህኑ ላይ አንዲት ብቻ ስትቀር እኛ ቤት የሚሆነውን፤ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ እማዬ «በሉ ብሏት» ስትል፣ እኔ «ኧረ ጢም ብያለሁ» ስል፣ አክስት ቻሮ «እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ነፍቶኛል» ስትል፣ አባባ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው በሦስተኛው ልመና «እንግዲህ እሷም እንዳትቀየም» እያሉ ሲያነሷት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀድሟቸው ያነሳት የለም። ከኤሎይ ቤት ምግብ አባባ የሚወዱት ያቺን ነው። ሽሪምፑን እንዳይመስልሽ፤ መለመኑን ነው።

እና እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኡርስን በክንዱ ይዤ ወደ ኋላ አስቀረሁት።

«ስማ ኡርስ» አልኩት፤ «እዚህ አገር አንድ ደንብ አለ። የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚያነሳት እንግዳው ነው። ካላነሳት ‘ምግባችሁ አልጣመኝም’ ማለት ነው። ቤተሰብ ይቀየማል።»

ቆመና ወደ ታች አየኝ። ለነገሩ እሱ ሌላ አቅጣጫ የለውም።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ቶሎ ስታነሳት ደግሞ ክብሩ ይጨምራል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እናቴ ትሙት።»

እማዬ አምስት እርምጃ ቀድማን ትሄድ ነበር፤ አልሰማችም። ኡርስ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። «እሺ» አለ።

ድንቹ አለቀና አንዲት ቀረች። ሁላችን ወደ ጣሪያው አንጋጠጥን። አባባ ለመጀመሪያው እምቢታ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ሳለ ያ ረጅም እጅ መጣ፣ ድንቿም ሄደች። «በጣም ጣፋጭ» አለ። ከአክስት ቻሮ እጅ ሹካው አመለጠ። እኔ ሳቄን በወይን አወረድኩት። በሁለተኛው ሳህን እማዬ በጠረጴዛው ሥር እግሩን እመታለሁ ብላ የእኔን መታች፤ የእሱ የት እንደሚያልቅ ስለማታውቅ ነው። በሦስተኛው ላይ መሳቅ ተውኩ። በአራተኛው አባባ መለመኑን አልጠበቁም። ሽሪምፑ ሳይጋመስ ተነስተው እጃቸውን ታጥበው መጡና ተቀመጡ። ኡርስ የመጨረሻዋን አነሳት፣ ላጣት፣ በላት። ጋሽ ኤሎይ ሳህኑን ሊያነሳ ሲመጣ ልመናው ሳይሰማ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው «ዛሬ ምን ተገኘ?» አለ።

በሦስተኛው ሳህን ላይ ላስቆመው እችል ነበር። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር፤ አፌ ግን ለክፉ ካልሆነ አይታዘዘኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ለምን አደረግኸው ትይኛለሽ። ለሳቅ ነው።

ለአባባ አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው ሁለት ቀን በርሜል መሥሪያው ሄጄ፣ አንድ ቀን መዶሻ አቀብዬ ተመለስኩ፣ አንድ ቀን ደግሞ ውኃ ጠጥቼ። አንቺ ብትጽፊላቸው ይሻላል፤ አንቺን ይሰማሉ። «ወንድሜ አህያ ነው» ብለሽ ጀምሪው። ይህን ለማመን አይቸገሩም።

ሌያንድሮ


በርን፣ ጁላይ 8 ቀን 1981

ሌያንድሮ፤

ደብዳቤህን ለኡርስ አነበብኩለት። ስለ ድመቷ ያልከው ላይ ሳቀ። በቀረው ላይ ጫማውን አንስቶ ወለወለ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ በኋላ አንተ ታውቃለህ። ከመሄዱ በፊት ትራሙ የሚያድርበት ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስጠንቅቄው ነበር። የመጨረሻዋን እንዳትነካ፣ እሷ የአባባ ናት ብዬ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጽፎ ከሥሩ አስምሮበታል። ትናንት አውጥቶ አሳየኝ።

«ታዲያ እያወቅህ ለምን በላህ?» አልኩት።

«አንቺ ሁለት ነገር ነግረሽኛል» አለኝ። «አንዱ ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ግራ ከገባህ ሌያንድሮ የሚልህን አድርግ፣ እሱን ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብለሽኛል። ሁለቱ ተጋጩብኝ። ከወረቀቱ ሰውየውን አመንኩ።»

እውነት ነው፣ ብዬዋለሁ። በእነዚሁ ቃላት።

ሁለተኛው ሳህን ላይ የአባባን ፊት ሲያይ ገብቶታል። «ታዲያ እዚያ ላይ አትተወውም ነበር?» አልኩት። «ሁለተኛዋን ብተዋት የመጀመሪያዋን ለምን በላህ ይሉኛል። ማን እንደነገረኝ መናገሬ ነው። ልጁ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጧል» አለኝ። ስለዚህ ሦስተኛዋንም አራተኛዋንም በላ። ኡርስ ሽሪምፕ አይወድም። እኔ ስቀቅል እንኳ መስኮት ከፍቶ ደረጃው ላይ ይቆማል።

ለአባባ አልጽፍላቸውም። እኔ ብጽፍ ለወንዷ የምትሟገት ሴት ነኝ፤ ቢያምኑኝም ልባቸው አያምነኝም። ኡርስም አይጽፍም። ተናግሮ መዳን ቢፈልግ ኖሮ ያን ቀን ይናገር ነበር። ቄሱ ቀኑን የሚይዙልኝ እስከ ጁላይ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ለሌላ ሙሽራ ይሰጡታል።

አልለምንህም። ሦስት ጊዜ መለመን የአባባ ነው፣ አንተ ገና አልደረስክበትም።

ሬሜ


ሳንሉካር፣ ጁላይ 20 ቀን 1981

ለእትዬ ሬሜ፤

ሰላምታውንና የጤናውን ነገር ዛሬ ይቅር በይኝ፤ በሩጫ ላይ ነኝ።

ትናንት እሑድ አራታችን ኤሎይ ቤት ሄድን። ቤት ውስጥ ልነግራቸው እችል ነበር፤ ገበታ ላይ የተበላሸ ገበታ ላይ ይቃናል ብዬ ነው። ይህን ያልኩት ለክብሬ ነው። ዋናው ምክንያት አባባ ሰው ፊት በጥፊ ስለማይመቱ ነው።

ጋሽ ኤሎይ ዓሣውን አስቀምጦ ሄደ። ማንም ሳይነካው ጀመርኩ።

«አባባ፣ ያን ዕለት ኡርስን የመጨረሻዋን አንሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ደንባችን ነው ብዬ ማልኩለት።»

«እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለች አክስት ቻሮ። አክስት ቻሮ የዓለም ፍጻሜ ሲመጣም ይህንኑ ነው የምትለው።

«በምን ማልክ?» አለች እማዬ።

«አሁን ትዝ አይለኝም።»

አባባ ሹካቸውን አስቀመጡ። እንደሚጮሁ ጠብቄ ነበር፤ ድምፃቸው ጭራሽ ዝቅ አለ።

«እና ሞኝ ነው በለኛ» አሉ። «እኔ ሆዳም መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሞኝ ነው። እንዳንተ ያለ የሚጫወትበትን፣ ሲጫወቱበት የማያውቅን ሰው ነው ልጄ ይዛ የምትዞረው?»

እትዬ፣ እዚህ ላይ እግሬ ወደ በሩ አስቦ ነበር። እውነቱን ተናግሬ ነገሩን ከበፊቱ አባባስኩት። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም፣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ያውቅ ነበር አባባ።»

«ምኑን?»

«ሬሜ አስቀድማ ነግራው ነበር። እኔ ስምልለት እኔን አመነ። ሁለተኛው ሳህን ላይ የእርስዎን ፊት አይቶ ገባው። ቢተወው እኔ ልጋለጥ ነው፤ ስለዚህ በላ።»

«ሦስተኛውንም?»

«ሦስተኛውንም።»

«ሽሪምፑንም?»

«ሽሪምፕ አይወድም። ሬሜ ስትቀቅል መስኮት ይከፍታል አለችኝ።»

እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አክስት ቻሮ እንኳ የጠረጠረችው ነገር ጠፋባት። አባባ የጠረጴዛውን ጣውላ በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ የበርሜል ድምፅ እንደሚሰሙ ሁሉ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ዓሣው ቀዘቀዘ።

«ታዲያ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ገበታውን ዞር ብሎ ያየው እሱ ነዋ» አሉ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ያላየኸው አንተ ነህ።»

አባባ ብዙ ሰድበውኛል። አህያ ብለውኛል፣ የተሰነጠቀ በርሜል ብለውኛል፣ አንድ ጊዜ ጀልባውን ካሰመጥኩ በኋላ ያሉኝን ወረቀት አይችለውም። ያን ሁሉ ብደምረው ይህቺን አያክልም።

ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው፣

«ያ ጥቁር ኮቴ የት ነው ያለው?» አሉ።

«በዚህ ሙቀት ኮት ምን ያደርግልሃል?»

«ሴፕቴምበር ላይ ይጠበኝ እንደሆነ ልየው ብዬ ነዋ።»

እማዬ እዚያው ማልቀስ ጀመረች። አክስት ቻሮ «አይጠብህም፣ ጠርጥሬያለሁ» አለች። ጋሽ ኤሎይ ዓሣው ያስለቀሳት መስሎት ሮጦ መጣ።

ዛሬ ጠዋት አባባ ከሥራ በፊት ቄሱ ዘንድ ሄደው ቀኑን አስጽፈዋል። ኮቱ ሆዳቸው ላይ ጠቧል፤ እማዬ እየፈታችው ነው።

ቅጣቴን ልንገርሽ። «ለሰውየው ትጽፋለህ፤ በራስህ እጅ፣ ቀልድ የሌለበት» ብለውኛል። ዓሣ ጨረታው ጋ ካለው ሣጥን ሁሉ እንዲህ የከበደኝ የለም። ስድስት ወረቀት ፈጅቼበታለሁ። ከዚህ ጋር አለልሽ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢለት።

ታናሽሽ
ሌያንድሮ


ሳንሉካር፣ ጁላይ 20 ቀን 1981

ኡርስ፤

ቀልድ የሌለበት ስለሆነ አጭር ነው።

ዋሽቼሃለሁ። እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። ለሬሜ «ለሳቅ ነው» ብያታለሁ፤ እሱም ውሸት ነው፣ እዚህ ላይ ስትደርስ ትስማው።

ሬሜ ከቤት ስትወጣ ለሁለት ዓመት ነው ብላ ነበር። እኔ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሁለቱ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ አምስት። እኔ በየዓመቱ የሚቀጥለው ዓመት ትመጣለች እያልኩ ነበር። አንተ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ግን፣ እሷ ለኑሮ እንደማትመለስ ገባኝ። አባቴ እምቢ ካሉህ እሷ ትመለስ ይሆናል ብዬ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ በቃል አላሰብኩትም። ኋላ ብፈልግ ግን ሌላ ምክንያት አጣሁበት።

አንተ ከሁለተኛው ሳህን በኋላ ያደረግኸውን እኔ ለማንም አድርጌ አላውቅም። ማስታወሻህ ላይ የተጻፈውን ትተህ እኔን በማመንህ አፍሬያለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።

አባቴ ይመጣሉ፤ ክንዷን ይዘው ይገባሉ።

በሴፕቴምበር ስትደርሱ አውቶቡሱ ጋ እጠብቃችኋለሁ። ሻንጣዋን እኔ ልሸከም። ወደ በርን ስትመለሱም የምሸከመው እኔ ነኝ።

ሌያንድሮ